የተሰወረ ሽቦ፥ የተገለጠ እጅ

የሰው ልጅ ከራሱ የሚበልጥ ኃይል ለማየት ያለው ምኞት ከጥንት ጀምሮ ያልተለየው ነው። ራሱ የማይሻገረውን ወንዝ የሚሻገር፥ ራሱ የማይሸከመውን ሸክም የሚሸከም፥ ራሱ የማይመክተውን ጠላት የሚመክት ጀግና ሲተረክለት፥ ሌሊቱን ሙሉ ቢያደምጥ አይሰለቸውም። ይህን ምኞት ለማርካት ሕዝቦች ሁሉ በየቋንቋቸው ተረት ሠርተዋል፤ ተረቱም ለዓይን እንዲታይ አንዳንዱ በእንጨት አሻንጉሊት፥ አንዳንዱም በብርሃን ሥዕል ተጠቅሟል። ከነዚህ ከሁለቱ ጥበቦች አንድ አንድ ሥራ ወስዶ ጎን ለጎን ያየ ሰው፥ ሥራዎቹ በዘመንም በአገርም እጅግ የተራራቁ ሲሆኑ ስለ አንድ ነገር ሲነጋገሩ ያገኛቸዋል። ይኸውም፥ ኃያል የተባለ ሰው የሚወደውን ከሞት ማዳን ይችላልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

የፊተኛው ሥራ በ1978 ለሕዝብ የታየው «ሱፐርማን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ሁለተኛው በ1746 በኦሳካ ከተማ መጀመሪያ የታየውና እስከ ዛሬ የሚታየው «ሱጋዋራ ዴንጁ ተናራይ ካጋሚ» የተባለው የጃፓን የአሻንጉሊት ቴአትር ነው፤ ከርሱም ውስጥ ይልቁን «ቴራኮያ» ማለት የመንደር ትምህርት ቤት ተብሎ የሚጠራው ክፍል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱን ለማየት ዕድል የገጠመው ተመልካች፥ ከፊተኛው ደስ ብሎት፥ ከኋለኛው ግን ዝም ብሎ ይወጣል። ደስታውና ዝምታው ከምን እንደ መጣ መመርመር ደግሞ የሚጠቅም ሥራ ነው።

የሱፐርማን ታሪክ መነሻው ድህነት ነው። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች፥ ከአውሮፓ ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተሰደዱ የአይሁድ ቤተሰቦች የተወለዱ፥ በክሊቭላንድ ከተማ ተቀምጠው አንዱ ታሪኩን እየጻፈ አንዱም ሥዕሉን እየሣለ ይህን ጀግና ፈጠሩ። በ1938 ታሪኩ በአንድ የሥዕል መጽሔት ታትሞ ሲወጣ፥ ለመብቱ የተከፈላቸው ዋጋ 130 ዶላር ብቻ ነበረ። ከዚያ በኋላ ጀግናው በየአገሩ ሲከብር፥ የፈጠሩት ሰዎች ግን ለብዙ ዘመን ተረስተው ኖሩ። በ1975 ብዙ ሰዎች ከተከራከሩላቸው በኋላ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ እንዲከፈላቸውና ስማቸውም ከጀግናው ስም ጋር እንዲጻፍ ተወሰነ። ስለዚህ ከ3 ዓመት በኋላ ፊልሙ ሲወጣ ስማቸው በመጋረጃው ላይ ታየ። ተራራ የሚያነሣውን ጀግና ያነሡት ሁለት ደካሞች መሆናቸውን ያወቀ ሰው፥ ያንን ጽሑፍ ሲያነብ ልቡ ይነካል።

ፊልሙን ያዘጋጀው ሪቻርድ ዶነር ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ክሪፕቶን በሚባል ሩቅ ዓለም ነው። ያ ዓለም ሊጠፋ መቃረቡን ያወቀው ጆር ኤል የሚባለው ሊቅ ለገዢዎቹ ቢነግራቸው አልሰሙትም። እርሱም ከሚስቱ ከላራ ጋር ተማክሮ አንድ ልጁን በትንሽ መርከብ አድርጎ ወደ ምድር ይልከዋል። በወንዝ ዳር በሣጥን ውስጥ የተተወውን የሙሴን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሲያይ ሙሴን ሳያስብ አይቀርም። ሕፃኑ በካንሳስ እርሻ ላይ ወድቆ፥ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ያገኙታል፤ ስሙንም ክላርክ ብለው ያሳድጉታል። ልጁ በምድር ላይ ተወዳዳሪ የሌለው ኃይል አለው፤ ዳሩ ግን አሳዳጊ አባቱ ያንን ኃይል ለመታያ እንዳያደርገው ይመክረዋል። ምክሩ ሳይቀዘቅዝ ሽማግሌው በእርሻው መንገድ ላይ ልቡን ይዞ ይወድቃል። ወጣቱ ከመቃብሩ አጠገብ ቆሞ፥ ያ ሁሉ ኃይል ተሰጥቶት አባቱን ማዳን እንዳልቻለ ለእናቱ ይነግራታል። ፊልሙ ከዚህ በኋላ ብዙ ጨዋታና ብዙ ድንቅ ያሳያል፤ የታሪኩ ሥር ግን ይህ መቃብር ነው።

ስለ ድንቁም ጥቂት ማለት ይገባል። ሰው በሰማይ ሲበር ለማሳየት ጠበብቶች ብዙ ደክመዋል። ተዋናዩን ክሪስቶፈር ሪቭን አንዳንድ ጊዜ በቀጭን የብረት ሽቦ እያንጠለጠሉ አንሥተውታል፤ አንዳንድ ጊዜም ዞራን ፔሪሺች የሚባል ጠቢብ ባወጣው ዘዴ ተጠቅመዋል። ዘዴውም ይህ ነው፦ ከበስተኋላ ሰማዩንና ከተማውን የሚጥለው መሣሪያና ተዋናዩን የሚያነሣው ካሜራ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሥዕሉን እያቀረቡ እያራቁ ይሠራሉ፤ የኋላው ሥዕል በመጠኑ ሳይለወጥ ሰውዬው ብቻ ወደ ተመልካቹ የሚመጣ ወይም የሚርቅ ይመስላል። የሥዕሉን ብርሃን ያሳመረው ጄፍሪ አንስዎርዝ ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ በ1978 ስለ ሞተ፥ ሥራው ለመታሰቢያው ተሰጥቷል። ይህ ሁሉ ድካም የተደከመው ግን ሽቦው እንዳይታይ ነው። ሽቦው ከታየ ጀግናው ይወድቃል፤ ከተሰወረ ግን የበረረው በራሱ ኃይል ነው ይባላል።

ይሁን እንጂ በዚህ ፊልም ውስጥ ከበረራው ይልቅ የሚያስደንቅ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ጀግናው ማንነቱን ለመሰወር መነጽር አድርጎ፥ ትከሻውን አጥፎ፥ ድምፁን አቅጥኖ የጋዜጣ ጸሐፊ ሆኖ ይኖራል። አንድ ቀን ሎይስ ሌን በምትባለው በሚወዳት ሴት ቤት ሳለ፥ እርስዋ ወደ ጓዳ ስትገባ እውነቱን ሊነግራት አስቦ መነጽሩን ያወልቃል። ወዲያው ጀርባው ይቀናል፥ ደረቱ ይሰፋል፥ ቁመቱም የጨመረ ይመስላል። ከዚያ ፈርቶ መነጽሩን ሲመልስ፥ ያ ታላቅ ሰው በተመልካች ፊት እንደ ረጠበ ልብስ ይሟሽሻል። እዚህ ላይ ሽቦ የለም፥ የካሜራ ዘዴም የለም፤ ያለው የአንድ ተዋናይ አጥንትና ትንፋሽ ብቻ ነው። ሪቭ አካሉን ልክ አሻንጉሊት አንቀሳቃሽ አሻንጉሊቱን እንደሚያዝ አዘዘው።

የፊልሙ ፍጻሜ ግን ተመልካቹን በሁለት ሐሳብ የሚከፍል ነው። ሌክስ ሉተር የሚባለው ክፉ ሰው ሁለት ታላላቅ የጥፋት መሣሪያዎችን፥ አንዱን ወደ ምዕራብ ወደ ካሊፎርኒያ፥ አንዱን ወደ ምሥራቅ ወደ ኒው ጀርሲ ይልካል። ጀግናውንም ኃይሉን በሚያጠፋ ድንጋይ ሸብቦ ውኃ ውስጥ ይጥለዋል። የክፉው ሰው ረዳት የሆነችው ሴት ግን እናትዋ በኒው ጀርሲ ስለምትኖር፥ አስቀድሞ የምሥራቁን ሊመልስ ቃል አስገብታ ትፈታዋለች። ጀግናው ቃሉን ይጠብቃል፤ ያልወለደችውን፥ አይቷትም የማያውቃትን የሌላ ሰው እናት ያድናል። በዚህ መካከል የምዕራቡ መሣሪያ ወድቆ ምድር ትናወጣለች፥ ሎይስም በተሰነጠቀው መሬት ውስጥ ተቀብራ ትሞታለች። ቃሉን በመጠበቁ የሚወዳትን አጣ። እዚህ ላይ ታሪኩ ከፍ ካለ ቦታ ይደርሳል፤ ምክንያቱም ጽድቅ ዋጋ ያስከፍላል የሚለው እውነት ሳይሸፈን ቀርቧልና።

ነገር ግን ዋጋው ተከፍሎ አልቀረም። ጀግናው እየጮኸ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ በምድር ዙሪያም እየበረረ ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል። ሰማያዊው አባቱ በሰው ልጆች ታሪክ ጣልቃ እንዳይገባ አዝዞት ነበረ፤ እርሱ ግን ትእዛዙን ተላልፎ የሞተችውን ያስነሣል። ሎይስም ምንም እንዳልሆነች ስለ መኪናዋ መበላሸት ታጉረመርማለች። ተመልካቹ በዚህ ደስ ይለዋል፤ ማንም ሰው የሚወደው ሰው ከሞት ቢመለስለት ደስ እንደሚለው ማለት ነው። ከአዳራሹ ወጥቶ ጥቂት ሲራመድ ግን፥ የፈሰሰ ውኃ እንደማይታፈስ የሚያውቀው ልቡ ይጠይቀው ጀመር። በካንሳስ የተቀበረው አባትስ? ጊዜ የሚመለስ ከሆነ ስለ ምን ለእርሱ አልተመለሰም? ፊልሙ ለዚህ መልስ የለውም። ምናልባት በወጣትነቱ ይህን መቻሉን አያውቅም ነበር ይባል ይሆናል፤ መቃብሩ ግን በዚያው በእርሻው ዳር ተዘግቶ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ወደ ኦሳካ መሻገር ያስፈልጋል። በዚህች የነጋዴዎች ከተማ ታኬሞቶ ጊዳዩ የሚባል ዜመኛ በ1684 የአሻንጉሊት ቴአትር ቤት ከፈተ፤ ታላቁ ደራሲ ቺካማትሱ ሞንዛኤሞንም ለዚህ ቤት ብዙ ድርሰት ጻፈ። ዛሬ ይህ ጥበብ ቡንራኩ ተብሎ ይጠራል፤ በ1984ም ለብቻው የተሠራ ብሔራዊ ቴአትር ቤት በኦሳካ ተከፍቶለታል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2003 የዓለም ሕዝብ ቅርስ መሆኑን ካወጀ በኋላ፥ በ2008 በመዝገቡ ጽፎታል። የአሻንጉሊት ጨዋታ ሲባል የሕፃናት መዝናኛ ብቻ የሚመስለው ሰው፥ እዚህ ቤት ገብቶ አዋቂዎች መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ቢያይ ሐሳቡን ይለውጣል።

የአሠራሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ከመድረኩ በስተቀኝ አንድ ተራኪና አንድ ሻሚሰን መቺ ተቀምጠዋል። ሻሚሰን ሦስት አውታር ያለው፥ በሰፊ መምቻ የሚመታ መሣሪያ ነው። ተራኪው ታሪኩንም፥ የወንዱንም፥ የሴቱንም፥ የሕፃኑንም ቃል ሁሉ ብቻውን ይናገራል፤ ይዘፍናል፥ ያለቅሳል፥ ይስቃል። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መጽሐፉን በሁለት እጁ ከግንባሩ ከፍ አድርጎ ይሰግድለታል። በቃሉ ሊያውቀው ይችላል፤ ነገር ግን ቃሉ የራሱ አለመሆኑን፥ ከበፊቶቹ ሰዎች የተቀበለው መሆኑን በሰው ሁሉ ፊት ይመሰክራል።

በመድረኩ ላይ ያለው አሻንጉሊት ቁመቱ ከሙሉ ሰው ቁመት ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። ከ1734 ጀምሮ አንዱን ዋና አሻንጉሊት የሚያንቀሳቅሱት ሦስት ሰዎች ናቸው። አለቃው ራሱንና ቀኝ እጁን፥ ሁለተኛው ግራ እጁን፥ ሦስተኛው እግሮቹን ይይዛሉ። አለቃው ከሌሎቹ ከፍ እንዲል ረጅም የእንጨት ጫማ ያደርጋል፤ እግር የሚይዘው ግን ሁልጊዜ እንዳጎነበሰ ነው። በልማድ እንደሚነገረው እግር ለመማር 10 ዓመት፥ ግራ እጅ ለመማርም ሌላ 10 ዓመት ያስፈልጋል። አለቃው በብዙ ክፍል ፊቱን ገልጦ ይታያል፤ ሁለቱ ረዳቶች ግን ጥቁር ልብስ ለብሰው ፊታቸውን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍናሉ። የሴት አሻንጉሊት አብዛኛውን ጊዜ እግር እንኳ የላትም፤ ሦስተኛው ሰው የቀሚስዋን ጫፍ በእጁ ጨብጦ እየገፋ፥ የምትራመድ፥ የምትንበረከክ ያስመስላታል።

ተመልካቹ መጀመሪያ ሲያይ በሰዎቹ ብዛት ይታወካል። ይህ ሁሉ ሕዝብ አንዲት የእንጨት ሴት ከቦ ምን ይሠራል? ይላል። ጥቂት ቆይቶ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሦስቱ አንዱም ሳይናገር፥ አለቃው ራሱን ጥቂት ነቅነቅ ባደረገው ምልክት ብቻ ሁሉም በአንድነት ይተነፍሳሉ፤ አሻንጉሊቲቱም ትተነፍሳለች። ከዚያ በኋላ ዓይን ሰዎቹን እያየ ልብ ይረሳቸዋል። ማንም አልተሰወረም፥ ማንም አላታለለም፤ ተመልካቹ ሽቦውን እያየ አመነ።

የቴራኮያ ታሪክ እንዲህ ነው። ካን ሾጆ የሚባለው ደግና ሊቅ ሚኒስትር በሺሄይ በሚባለው በጠላቱ ተንኮል ወደ ሩቅ አገር ተሰዷል። ይህ ሰው በታሪክ የታወቀው ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ነው፤ በ901 ተሰዶ በ903 በስደት የሞተ፥ ጃፓኖችም በኋላ የትምህርት ጌታ አድርገው ያከበሩት፥ እስከ ዛሬም ተማሪዎች ፈተና ሲደርስባቸው የሚማጠኑት ነው። በቴአትሩ ውስጥ የርሱን ትንሽ ልጅ፥ ጌንዞ የሚባል የቀድሞ ደቀ መዝሙሩ በመንደር ትምህርት ቤት ከልጁ ጋር የተካከለ ልጅ አስመስሎ ሸሽጎታል። ጠላት ይህን ሰምቶ የሕፃኑን ራስ ቆርጠህ አስረክብ የሚል ትእዛዝ ይልክበታል። ጌንዞ እያዘነ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ የመንደሩ ልጆች ሁሉ መልካቸው የገበሬ ልጅ መልክ ነው፤ በአንዳቸው ሊለውጠው አይችልም። በዚያው ቀን ግን አንዲት ሴት ኮታሮ የሚባል አዲስ ተማሪ አምጥታ ትታ ሄዳለች፤ ልጁም ፊቱ የመኳንንት ልጅ ፊት ነው። ጌንዞና ሚስቱ እያለቀሱ፥ ያን እንግዳ ልጅ በጌታቸው ልጅ ፈንታ ለመግደል ይወስናሉ።

የሕፃኑን መልክ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ማትሱኦ የሚባለው የሺሄይ አገልጋይ ነው። የርሱ አባት የካን ሾጆ ባለውለታ ነበረ፤ እርሱ ግን በዕድሉ ከጠላት ቤት ገብቶ ሲያገለግል፥ ሰው ሁሉ ውለታ የበላ ብሎ ይጠላዋል። ማትሱኦ ታምሜአለሁ ብሎ እየሳለ ይመጣል። ከውስጥ የሰይፍ ድምፅ ይሰማል። ጌንዞ ሣጥኑን አምጥቶ ያስቀምጣል፤ ውሸቱ ቢታወቅ ሊገድለው እጁን በሰይፉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ማትሱኦም ክዳኑን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ተመልክቶ፥ የሕፃኑ ራስ እውነተኛ ነው ብሎ ይመሰክራል። ጠላቶቹም አምነው ይሄዳሉ። ጌንዞ የዳነ ይመስለዋል፤ ወዲያው ግን የኮታሮ እናት ቺዮ ልጅዋን ልትወስድ ትመለሳለች። ጌንዞ ምሥጢሩ እንዳይወጣ ሊገድላት ሰይፍ ሲያነሣባት፥ እርስዋ በልጅዋ ሣጥን ትመክተዋለች፤ ከሣጥኑም ውስጥ የመግነዝ ልብስ ይወድቃል። ልጄ ለጌታችን ልጅ ምትክ ሆነን? ብላ የምትጠይቀውም እርስዋው ናት። ከዚያ ማትሱኦ ይገባል። ኮታሮ የርሱና የቺዮ ልጅ ነበረ፤ ጌንዞ ምን እንደሚያስብ አስቀድመው ስለ ገመቱ፥ ልጃቸውን አውቀው ላኩት። አባት የተመለከተው የገዛ ልጁን ራስ ነበረ።

ይህን ያየ ተመልካች ሁለት ነገር በአንድነት ይሰማዋል። አንደኛው ቍጣ ነው። ምንም ያልበደለ ሕፃን ስለ ታላላቆች ክርክርና ስለ ውለታ መሞቱ ፍርድ አይደለም፤ ይህን ደግ ሥራ ነው ብሎ ማመስገን ለማንም አባት አይቻልም። ሁለተኛው ግን ቴአትሩ ራሱ ይህን ቍጣ እንዳልሸሸገው ማወቅ ነው። ማትሱኦ ልጁ እንዴት እንደ ሞተ ሲጠይቅ፥ ጌንዞ ፈገግ ብሎ አንገቱን ሰጠ ይለዋል። አባትየው ስለ ልጁ ጀግንነት ለመሳቅ ይሞክራል፤ ተራኪውም ያን ሳቅ ከትንሹ ጀምሮ እያሳደገ ሲያወጣው፥ ሳቁ ከጫፉ ይሰበርና ልቅሶ ይሆናል። አንድ ሽማግሌ ከመድረኩ ጎን ተቀምጦ በዚህ ድምፅ አዳራሹን ሲሞላው፥ የሰማ ሁሉ ታማኝነት ትልቅ መሆኑን እንጂ ዋጋው ቀላል መሆኑን አይማርም።

እንግዲህ ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በአንዱ አባት ልጁን ከሞት ለማዳን ወደ ሩቅ ይልከዋል፤ በሌላው አባት የሌላውን ልጅ ለማዳን የራሱን ወደ ሞት ይልከዋል። በአንዱ ጀግናው ለሰው እናት በገባው ቃል የሚወዳትን ያጣል፥ ያጣትንም ይመልሳል፤ በሌላው ባለ ዕዳው ዕዳውን ይከፍላል፥ የከፈለውም አይመለስም። ፊልሙ ሰው የሚመኘውን ይናገራል፤ የእንጨቱ ቴአትር ሰው የሚያውቀውን ይናገራል። ሰው ደግሞ ሁለቱም ያስፈልገዋልና፥ አንዱን አክብሮ ሌላውን መናቅ አይገባም። የሞተ ቢመለስ ብሎ የማይመኝ ልብ ያልወደደ ልብ ነው።

የሚለያዩበት ዋና ነገር ግን የሚደግፈውን እጅ በመሰወርና በመግለጥ ነው። ሱፐርማን ብቻውን ይበራል፥ ብቻውን ያድናል፥ ብቻውን ያዝናል። ሽቦውን የጎተቱት፥ ብርሃኑን ያበሩት፥ ታሪኩን የጻፉት አይታዩም። በኦሳካ ግን አንዲት የእንጨት ሴት መሐረብ ወደ ዓይንዋ እንድታነሣ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ሦስቱም በፊት ለፊት ቆመዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የአገራችን ምሳሌ ያደገበት ሰው፥ ይህን ሥርዓት እንግዳ አድርጎ አያየውም።

የክሪስቶፈር ሪቭ የኋላ ሕይወት ይህን ሐሳብ ከጨዋታ ያወጣዋል። በ1995 በግንቦት ወር በቨርጂኒያ በፈረስ ውድድር ላይ ሳለ፥ ፈረሱ ከመዝለያው ፊት ድንገት ስለ ቆመ ወደ ፊት ተወርውሮ በራሱ ወደቀ። የአንገቱ አጥንት ተሰብሮ ከትከሻው በታች ያለው አካሉ ሽባ ሆነ፤ ትንፋሹም በመሣሪያ ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው 42 ዓመት ነበረ። ከዚያ በኋላ ለመነሣት፥ ለመልበስ፥ ለመብላት የሰው እጅ ያስፈልገው ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት በ1996 የኦስካር ሽልማት በሚሰጥበት አዳራሽ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ መድረክ ላይ ሲታይ፥ ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ ተቀበለው። ከዚህም በኋላ ፊልም አዘጋጀ፥ ተዋናይ ሆኖም ሠራ፤ የአከርካሪ ሕመም መድኃኒት እንዲፈለግለት ገንዘብ ሲያሰባስብና ለባለሥልጣኖች ሲያመለክት ኖሮ በ2004 በ52 ዓመቱ ዐረፈ። ለእርሱ ጊዜ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ነገር ግን የሚደግፉትን እጆች ሳይሸሽግ በሰው ፊት መኖርን መረጠ።

ይህን የሚያውቅ ሰው ያንን ፊልም እንደ ገና ሲያይ፥ በሰማይ የሚበረውን አካል በሌላ ዓይን ያየዋል። ያን ጊዜም ቢሆን ያ አካል የተነሣው በሰዎች እጅ ነበረ፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ እጆቹ ከሥዕሉ ውጭ መሆናቸው ብቻ ነው። ሰው ጤነኛ ሳለ ብቻውን የቆመ ይመስለዋል። ያረሰለት፥ የፈተለለት፥ ያስተማረው፥ በሕፃንነቱ አዝሎ ያሳደገው ከዓይኑ ተሰውረዋል። የታመመ ቀን፥ ወይም ያረጀ ቀን፥ ጥቁር ጨርቅ የለበሱት ሰዎች ወደ መድረኩ ይወጣሉ፤ እርሱም በመታየታቸው ያፍራል። ኦሳካ ግን ይህ የሚያሳፍር አለመሆኑን ከ250 ዓመት በላይ ስታሳይ ኖራለች።

በቴራኮያ ፍጻሜ ማትሱኦና ቺዮ ከላይ የለበሱትን ሲያወልቁ ከበታቹ ነጭ የኀዘን ልብስ ለብሰው ይታያሉ፤ ያን ልብስ ከቤታቸው ሲነሡ ለብሰውት ነበረ። ተራኪው የሚያዜመው የመሸኛ ዜማ ቃሎቹ የተያያዙት በጃፓን ፊደል ተራ ነው፤ እንደ እኛ ሀ ሁ ልጆች መጀመሪያ በሚማሩት ፊደል ማለት ነው። ፊደል ሊማር የመጣ ልጅ፥ ባልጨረሰው ፊደል ይሸኛል። ቺዮ ጥቂት ትራመዳለች፥ ትቆማለች፥ ወደ ኋላም ትመለከታለች። እግር የላትም፤ ከበታችዋ አንድ ሰው አጎንብሶ፥ ፊቱን ሸፍኖ፥ የቀሚስዋን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ ያራምዳታል።